ሥራው ሳይታይ መታወቂያ ለምን ይላካል?

በሰበታና በቡራዩ ሥራ ፈላጊው ቀጣሪውን በዓይኑ ሳያይ የመታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። «የምደብቀው ነገር የለኝም» ይላል። በስሙ ብድር ቢወሰድበት ግን ጣጣው ለእሱ ሊተርፍ ይችላል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅና እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህን ማን ነገረው? የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አዋጁን ይዞ ቀበሌ ድረስ ይውረድ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ያስረዳ።

እስከዚያው ዕድርተኛው ይመካከር፦ የቴሌግራምን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ፤ የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ተራው ቻት የኩባንያው ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ እወቁ። ቀጣሪም መታወቂያ የሚጠይቀው ከቀጠረ በኋላ ይሁን። ቀድሞ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም!