ዳሱና ድንኳኑ

መቼም ሠርግ ተጠርቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ሲመለስ የሚያማ ሰው አይወደድም። የበላበትን ወጭት ሰባሪ ያሰኛል። እኔ ግን ዛሬ የማማው ደጋሹን አይደለም፤ እንግዳውን ነው። እንግዳው ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ፤ አብረውኝ የሄዱት ዘመዶቼም ናቸው። አንባቢዬ ገጠር ዘመድ ካለዎት፣ እርስዎም ከሐሜቱ አያመልጡም።

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም፤ የሠርግ ወር ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የአጎቴ ልጅ የበኩር ልጁን ይድራል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ “ወንድም ጋሼ” ነው የምለው። ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ዘመዳሞች በአንድ ሚኒባስ ተጭነን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ታጥፈን፣ ሞላሌን ተሻግረን ገባን። ብርዱን አልነግራችሁም። የመንዝን ብርድ የሚያውቀው የመንዝ ባና ብቻ ነው።

ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንደኛው ዘመዳችን ቤት ስብሰባ ተቀምጠን ነበር። አጀንዳው “ወንድም ጋሼን እንዴት እናግዘው?” የሚል ነው። መቼም ከተሜ ሲሰበሰብ ሐሳብ አይቸግረውም። አንዱ “በዚህ ዘመን እንግዳ በቅጠል ዳስ አይቀበልም፤ ድንኳን ይከራይለት” አለ። ሌላዋ “ቪዲዮ ካልተቀረጸ ምኑን ሠርግ ሆነ!” አለች። ሦስተኛው ቬሎ፣ አራተኛው ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር ጨመሩ። እኔም አጨብጭቤ ድርሻዬን አዋጣሁ። የተሰበሰበው ብር በጊዜው ዋጋ ሁለት የእርሻ በሬ ይገዛ ነበር። ታዲያ ከዘጠኛችን አንዳችንም “ለመሆኑ ልጁ በሬ አለው ወይ?” ብለን አልጠየቅንም። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ስንደርስ ወንድም ጋሼ ግቢ ውስጥ ሁለት ሠርግ ቆየን። አንደኛው ከከተማ በአይሱዙ መጥቶ የተተከለ ነጭ ድንኳን ሲሆን የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል። ሁለተኛው የመንደሩ ጎረምሶች ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ ማገር ማግረው፣ ቅጠል አልብሰው የሠሩት ዳስ ነው። ድንኳኑ መምጣቱን ሳይሰሙ ዳሱን ጨርሰውታል። ስለዚህ ሳይወሰን ተወሰነ፤ እኛ “የክብር እንግዶች” ድንኳን ውስጥ፣ አገሬው ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። እኛ ጋ ጄኔሬተሩ ይጮሃል፤ ቢራ ይከፈታል፤ ካሜራው ስንጎርስ ይቀርጸናል። እዚያ ጠላው ይቀዳል፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይቃኛል። አዝማሪው እኛም ጋ መጥቶ ነበር። ከድምፅ ማጉያው ጋር ትንሽ ታግሎ ተሸነፈና ወደ ዳሱ ተመለሰ። እውነት ለመናገር፣ እኔም በስተመጨረሻ ተከትዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት በረቱ በራፍ ላይ ከወንድም ጋሼ ጋር ቆመን አንድ ነገር ጎደለኝ።

“ወንድም ጋሼ፣ ቀዩ በሬ የታለ?”

“ሸጥኩት።”

“ምነው?”

“እናንተ የላካችሁት ለድንኳኑና ለካሜራው ሆነ። የቢራው ቀረ። ታዲያ የከተማ ዘመዶቼን ጠላ አጠጥቼ ልሸኛችሁ? አታፍሩብኝም?”

ምን ይመለሳል? ባርኔጣዬን አውልቄ ጫፉን መዳበስ ጀመርኩ። ያ ቀይ በሬ ለሙሽራው ሊሰጠው ያሳደገው ነበር። መንዝ ደግሞ የበልግ አገር ነው፤ ሠርጉ ጥር ካለፈ ዝናቡ ጠብ ሲል ማረስ ይመጣል። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ አዲሱ አባወራ ትዳሩን የጀመረው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው። ጎረቤት ሲያርስ እሱ ይጠብቃል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ እርጥበቱ አልፎ ይሆናል። እኛ አዲስ አበባ ተመልሰን ቪዲዮውን እያየን “ባህላችን እንዴት ደስ ይላል!” እንል ነበር።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው። እኛ ከተሜዎች ባህል የምንለው ጭፈራውን፣ ልብሱንና ድግሱን ነው። የሠርጉን አጥንት ግን ጥለነዋል። ጥለነው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ገጠሩም እንዲጥለው በገንዘባችን እየገፋነው ነው።

አጥንቱ ምንድን ነው? “ትዳር” የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በአማርኛችን ትዳር ባልና ሚስት መሆን ብቻ አይደለም፤ ኑሮ ነው፣ ሀብት ነው፣ ቤት ነው። “ትዳሩን በተነ” ሲባል ከብቱም ጎተራውም አብሮ ይበተናል። አባቶቻችን ሠርግ የሚደግሱት ይህንን ለማቆም ነበር። በሰማንያ ጋብቻ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የወንዱ ወገን ይህን ያህል ከብት ሲል፣ የሴቷ ወገንም የአቅሙን በአቻው ያቀርባል። የእሷ የእሷ፣ የእሱ የእሱ፣ አብረው የሚያፈሩት ደግሞ የጋራ ተብሎ በምስክር ፊት ይነገራል። በርስት አገር መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር ሴቷ ባዶ እጇን አትገባም ነበር። ጭፈራው የዚህ ውል ማሳረጊያ ነበር። እኛ ማሳረጊያውን ይዘን ውሉን ረሳነው።

ድግሱም ቢሆን የአሁኑን ዓይነት ዕዳ አልነበረውም። ድሮ ሰው በሠርግ አልደኸየም ማለቴ አይደለም፤ ደኽይቷል። ግን ገብሱ ከጎተራ፣ በጉ ከመንጋ፣ ጉልበቱ ከጎረቤት ነው። ዛሬ ለእኔ ብቅል ያበቀለች፣ ነገ ልጇን ስትድር እኔ እንጨት እፈልጥላታለሁ። የወንፈል ብድር መንደር ለመንደር ይዞራል፤ የድንኳን ኪራይ ግን በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣል፣ አይመለስም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን አንድ ጠንከር ያለ አንባቢ ብድግ ብሎ “የድሮውን ሠርግ አታሞግስብን፤ ሕፃን ልጅ የሚዳርበት አልነበረም ወይ?” እንደሚለኝ አውቃለሁ። ነበር። ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እናቴ የግሼ ሰው ናት፤ የተዳረችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሠርጓ ማታ እንቅልፍ ጥሏት ሚዜ አዝሎ እንደወሰዳት፣ ስትነቃ የማታውቀው ቤት ውስጥ እንደነበረች ስትነግረን ትስቅ ነበር። እኛ ግን አንስቅም ነበር። በነጋታው ደግሞ የልጅቷ ክብር በጨርቅ ላይ ተፈልጎ ለአደባባይ ይቀርባል። ይህንን ባህል ብሎ የሚያቆላምጥ ካለ ከእኔ ጋር አይደለም።

ሕጉም ከእሱ ጋር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ብሎ ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ እንዲሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ያገባትን እስከ ሰባት ዓመት፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት ያሳስረዋል። ያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ሳይሞላቸው ያገቡ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ከተሜው ዘመድ አፉን መክፈት የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። “ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? ትምህርቷስ? እሷን ጠይቃችኋል?” ማለት። እኛ የጠየቅነው “ቬሎው ልኳ ነው?” ብለን ነው። የእኛዋ ሙሽራ ደግነቱ ዕድሜዋ የደረሰ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ነበረች። ይህንን ያወቅሁት ግን ከሠርጉ በኋላ ነው፤ በእኛ ጥረት አልሆነም።

የእናቴን ታሪክ ግን አልጨረስኩም። ከዓመታት በኋላ ከዚያ ባሏ ጋር ተፋታች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ በሠርጉ ቀን የተነገረው ውል ተነሳ፤ የራሷ የሆነው ከብትና ካፈሩት ግማሹ ተሰጣት። ከብቶቿን ሸጣ አዲስ አበባ ገባች፣ ጠላ ቤት ከፈተች፣ ኋላም እኔንና እህቶቼን ወለደች፤ አስተማረችን። ያቺ በእንቅልፍ የተዳረች ልጅ የደረሰባት ግፍ ከዚያ ሠርግ ነው የመጣው። እኔ ፊደል የቆጠርኩበት ገንዘብም የመጣው ከዚያው ሠርግ ነው። ግፉን መንቀል፣ ውሉን ማቆየት ይቻል ነበር። ዛሬ ግን ከተማ ውስጥ አንዲት ሙሽራ “ንብረታችንን በውል እናስቀምጥ” ብትል “ሳትጋቡ ልትፋቱ ነው?” ይሏታል። ሕጉ ግን የጋብቻ ውል ይፈቅዳል። አያቶቻችን ያላፈሩበትን እኛ አፈርንበት።

ሌላም ተከራካሪ አለ። “ለትዳር ከብት ስጡ ማለት ሕንድና ባንግላዴሽ የሚያሰቃየውን ጥሎሽ መጥራት ነው” ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሕንድ በ1961፣ ባንግላዴሽ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕግ ቢከለክሉትም፣ በጥሎሽ ምክንያት የሚንገላቱና የሚገደሉ ሙሽሮች ዜና አልቆመም። ልዩነቱን ግን እንይ። የዚያ አገሩ ጣጣ ከሴቷ ወገን ወደ ወንዱ ወገን በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ መሆኑ ነው። እኔ የምለው የሁለቱም ወገን አዋጥቶ ለጥንዶቹ የሚያስረክበውን፣ የሴቷም ድርሻ በስሟ የሚታወቅበትን ነው። ተቀባዩ አማት ሳይሆን ጎጆው ነው።

“ደግሞስ አንድ ቀን ቢደሰቱ ምን አለበት?” የሚሉም አሉ። ምንም የለበትም። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ከእኛ ይበልጥ ተደስተዋል፤ አይቻለሁ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መንዝ ገብቶ የገበሬውን ኑሮ ሲያጠና፣ ባዕድ ሆኖ ቁጭ ብሎ ጠየቀ። እኛ ዘመዶቹ ሄድን፣ ቀረጽን፣ ተመለስን።

ያ ሠርግ ካለፈ ወዲህ አካባቢው ብዙ ችሏል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ ለእንግዳም ለባለአገርም አስጨናቂ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዘመን አንድ ጥማድ በሬ ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ አይነገረውም። የሚነገረው ለእኛ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ከገጠር የሠርግ ጥሪ ሲመጣዎት ሦስት ነገር ያድርጉልኝ። ቀድመው ስልክ ደውለው የሙሽራዋን ዕድሜና ፈቃድ ይጠይቁ፤ ካልደረሰች መዋጮዎን ሳይሆን ተቃውሞዎን ይላኩ። ከደረሰችና ከፈቀደች፣ የድንኳኑን ብር ጊደር ወይም ወይፈን ይግዙበትና በሽማግሌ ፊት በጥንዶቹ ስም ያስመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ሲደርሱ ዳሱ ውስጥ ገብተው ጠላውን ይጠጡ። ወንድም ጋሼ እንዲያፍር ያደረገው ጠላው አይደለም፤ የእኛ ፊት ነው።

ድንኳኑ በማግስቱ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ሂሳቡ ተቆጥሮ ሄደ። ዳሱ እስከ መልሱ ቆመ። ሲፈርስ ጎረምሶቹ ባሕር ዛፉን ተሸክመው ወደ ሙሽሮቹ ቦታ ወሰዱት። ኋላ ወንድም ጋሼን በስልክ ሳገኘው እንጨቱ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

“ለልጆቹ የበረት አጥር ሆነ” አለኝ። ትንሽ ዝም አለና ጨመረ፤ “በረቱስ ነበር፤ የሚገባበት ነው የጠፋው።”