ባለ 9 ቮልት ባትሪና የልጃችሁ አእምሮ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን የላኩት ከዘንገና አካባቢ የሚኖሩ አባት ናቸው። «ዶክተር፣ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ስልኩ ላይ ባየው ቪዲዮ ተነሥቶ ባትሪ፣ ሽቦና ስፖንጅ አዘጋጅቶ ግንባሩ ላይ ሊያስር ሲል ደረስኩበት። አእምሮ ይከፍታል ነው የሚለው። የሚጠቅም ከሆነ ልከለክለው አልፈልግም፤ የሚጎዳ ከሆነ ይንገሩኝ» ይላሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይከልክሉት። ምክንያቱን ሳንነግረው ከከለከልነው ግን ተደብቆ ማድረጉ አይቀርም። የ12ኛ ክፍል ልጅ «ዶክተሩ አይሆንም ብለዋል» ስለተባለ ብቻ አይተውም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ልጆቻችሁም ያንብቡት፤ እንዲያውም ከእናንተ በፊት ያንብቡት።

ነገሩ በሕክምናው ዓለም ቲዲሲኤስ ይባላል። በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች ጭንቅላት ላይ ይታሰሩና ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፔር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይለቀቃል። አብዛኛው በቆዳው በኩል ያልፋል፤ ጥቂቱ የራስ ቅሉን አልፎ አንጎል ይደርሳል። የደረሰው ኤሌክትሪክ የአንጎል ሴሎችን በቀጥታ አያስነሣም፤ በቀላሉ እንዲነቃቁ ወይም በተቃራኒው እንዲቀዘቅዙ ያደርጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒቼና ፓውሉስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ በጎቲንገን ይህንን ካሳዩ በኋላ ጥናቱ በየአገሩ ተስፋፋ። በ2013 ደግሞ ለቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች ተብሎ የተሠራ፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ገበያ ላይ ዋለ። መግዛት ያልቻለው ወይም ያልፈለገው ከባትሪ ራሱ ይሠራዋል። ልጆቻችሁ የሚያዩት ቪዲዮ ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ኤሌክትሪክን ለሕክምና መጠቀም ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ፣ እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ጠረጴዛ ላይ አስረው፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዓሣ መገጣጠሚያው ላይ ያሳርፉበት እንደነበር ጽፏል። ሕመሙ ብርቱ እንደነበርም አልደበቀም።

አእምሮ መክፈቻ ፍለጋውም የዘንድሮ ነገር አይደለም። የዋሸራና የዲማ የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ምድር ያደገ ሰው ስለ አብሾ ሳይሰማ አይቀርም። ተማሪው ቀለም ቶሎ እንዲገባውና እንዳይጠፋበት ይጠጣዋል የሚባለው ያ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ከዕፀ ፋርስ ነው። ሞቅ ሲለው የሚረብሽን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። በዕፀ ፋርስ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ስኮፖላሚን ይባላል። ተመራማሪዎች ስኮፖላሚንን የሚጠቀሙበት ጤነኛን ሰው ለጥቂት ሰዓት እንዲረሳ ለማድረግ ነው! ለትውስታ ተብሎ የሚጠጣው ነገር ትውስታን የሚያደበዝዝ ነው ማለት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ያስቃዣል፣ ልብን ያስደልቃል፣ ይገድላልም። ያ ተማሪ ሊቅ ከሆነ የሆነው ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋግም በከረመው ቀለም እንጂ በአብሾው አይደለም። ግን ምስጋናውን አብሾው ወሰደው።

ባትሪውም እንዲሁ ምስጋና እንዳይወስድ እፈራለሁ።

ወላጆች ለምን እንደምትጨነቁ ይገባኛል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በክልላችን ደግሞ ስንቱ ልጅ በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ርቆ እንደከረመ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያመለጠውን ትምህርት በሽቦ ለመያዝ የሚሞክር ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የጨነቀው ልጅ ነው። በቁጣ ሳይሆን በዚህ ዓይን እንየው።

ታዲያ ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎች አዲስ የቁጥር ምልክቶችን እንዲማሩ አድርገው፣ እየተማሩ ሳለ አንጎላቸውን በኤሌክትሪክ አነቃቁ። አንደኛው ቦታ የተነቃቃላቸው ቶሎ ተማሩ፤ የተማሩትን ሳያስቡ ወዲያው መጠቀም ላይ ግን ደከሙ። ሌላኛው ቦታ የተነቃቃላቸው ደግሞ ተቃራኒው ሆነባቸው። በአንዱ በኩል የሰጠው በሌላው በኩል ነሣ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ለጌም ተጫዋቾች የተሸጠው መሣሪያ ራሱ በጤነኛ ሰዎች ላይ ተፈተነ። መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታቸው ትክክለኛነቱ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ የሚፈልገው ይህንን ነው?

በዚያው በ2016 በዚህ ሙያ የሚታወቁ 39 ተመራማሪዎች በቤታቸው ለሚሞክሩት ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ሰዎቹን አልሰደቡም፤ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ዘረዘሩላቸው። ኤሌክትሪኩ ከስፖንጁ ሥር ብቻ አይቀርም፣ ለውጡ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ ልጁ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ነገር ራሱ ውጤቱን ይቀይረዋል፣ ከሰው ሰውም ይለያያል አሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር፦ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ውጤቱን እጥፍ አያደርገውም። አንዳንዴ ይገለብጠዋል። አዎንታዊና አሉታዊ ሽቦዎቹን አቀያይሮ ማሰር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር ይገባኛል። በምርምር ተቋማት ከ33 ሺህ በላይ ጊዜ ተደርጎ ከባድ ጉዳት እንዳላደረሰ ተመዝግቧል። ልጃችሁ ይህን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ «ይኸው ደህና ነው» ብሎ ሊሞግታችሁ ይችላል። ልክ ነው፣ ግን እነዚያ የተደረጉት ፍሰቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ተመርምሮ በተመረጠ ሰው ላይ፣ ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ነው። ዘንገና ሐይቅ ረግቶ ስለታየ ብቻ ልጁን «ግባና ዋኝ» የሚል የአካባቢው ሰው አለ? የለም፤ ጥልቀቱን ያውቀዋላ።

ፊዚክስ የተማረው ልጃችሁ ራሱ ያስላው። ባትሪው 9 ቮልት ነው። የቆዳው የመቋቋም አቅም 5000 ኦም ከሆነ 1.8 ሚሊ አምፔር ያልፋል። ላብ ሲያልበው፣ ስፖንጁ ሲረጥብ፣ መቋቋሙ ወደ 2000 ኦም ቢወርድ 4.5 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ማንም ሳይነካው መጠኑ ከእጥፍ በላይ ጨመረ! የምርምሩ መሣሪያ ይህንን እያየ ያስተካክላል፤ ባትሪ ግን አያስተውልም። ስፖንጁ በአንድ በኩል ሲደርቅ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በጠባብ ቦታ ላይ ይሰበሰብና ቆዳን ያቃጥላል። ጠባሳው ግንባር ላይ ይቀራል። ሽቦው በድንገት ሲነቀል ዓይን ላይ ብልጭታ ይታያል፣ ራስ ይዞራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ልጁ ምን ይጠቀማል? የስልክ ቻርጀር። ቻርጀር ማለት በአንድ በኩል ከ220 ቮልት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ርካሹ ቻርጀር ውስጡ ቢበላሽ፣ ወይም መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ቢቃጠል፣ በዚያ ሰዓት እርጥብ ስፖንጅ ጭንቅላቱ ላይ ያሰረ ልጅ ሊሞት ይችላል። ይህ ስለ አንጎል ሳይንስ አይደለም፣ ስለ ሕይወቱ ነው። ከጽሑፌ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለልጃችሁ የምታነቡለት ከሆነ ይህንን አንብቡለት።

ፈጽሞ ሊሞክሩት የማይገባቸውም አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ ቀድሞ ራሱን የሳተ፣ ራሱ ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰበት። ጭንቅላቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ብረት የቀረበት ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን በየሰፈሩ አለና ይህንን ልብ በሉ። በሕክምና ተቋም ውስጥ እንኳ፣ የነርቭ ሕመም በነበረበት የአራት ዓመት ሕፃን ላይ ከዚህ ሕክምና ከሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥ እንደመጣበት ተጽፏል።

አሁን ወደ ሥነ ምግባሩ ልምጣ። አንድ አዋቂ በራሱ ጭንቅላት ላይ ሲወስን ከእኔ ጋር መከራከር ይችላል፤ ምክሬን ሰምቶ እንቢ የማለት መብትም አለው። የልጅ ግን ሌላ ነው። የሰው አንጎል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየተገነባ ነው። በየቀኑ ለወራት ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት የ17 ዓመት ጤነኛ አንጎል ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚነግረን ጥናት የለም። ታዲያ ያንን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? ፈቃድ የሰጠው አባት አይደለም፣ ቪዲዮውን የለቀቀው ሰውም አይደለም። ደግሞ «እኔ እኮ አላስገደድኩትም፣ ራሱ ነው የፈለገው» የሚል ወላጅ አለ። ውጤት ካላመጣ ፊት የሚነሣው ልጅ «ፈለገ» ይባላል ወይ? እኔ አይመስለኝም።

በሌላ በኩል ቪዲዮውን የሚያዩት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። ከወራት በፊት ጀምሮ ሐዘን የተጫናቸው፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ተስፋ የቆረጡ ታማሚዎችም ያዩታል። ለእነዚህ ሰዎች ነገሩ ባዶ ተስፋ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ለድባቴ ሕመም ቤት ውስጥ በሐኪም ክትትል የሚደረግ የዚሁ ዓይነት ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ 174 ታማሚዎች ባሉበት ጥናት ጠቅሟል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጀርመን በተደረገ ሌላ ጥናት ግን መድኃኒት እየወሰዱ ላሉ ታማሚዎች ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። ክርክሩ አልተዘጋም። ግን ልብ በሉ፣ ጠቀመ በተባለው ጥናት እንኳ ታማሚዎቹ የተቆጣጠሩት መሣሪያ ተሰጥቷቸው ሐኪም በቪዲዮ ይከታተላቸው ነበር። የድባቴ ታማሚ ብቻውን ሲያደርገው ስሜቱ ከልክ በላይ ወደ ላይ ተወርውሮ እንቅልፍ አልባ፣ ወሬ የሚያበዛ፣ ገንዘብ የሚበትን ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሐኪም ፊትም የታየ ነገር ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በቴሌግራም «አእምሮ ማነቃቂያ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ «የት ተመዘገበ?» በሉት።

«ታዲያ ለልጄ ምን ላድርግ?» ለምትሉኝ፣ የምነግራችሁ ነገር እንደ ሽቦው አያጓጓም። እንቅልፍ። የቀን ትምህርት በአንጎል ውስጥ የሚደላደለው ሌሊት ነውና ጫት ቅሞ የሚያነጋ ተማሪ ያጠናውን ራሱ ያፈሰዋል። ከዚያ ዓይኑን አስመርምሩት፤ ሰሌዳው ሳይታየው «አይገባውም» የተባለ ልጅ ብዙ ነው። ቁርሱን በልቶ ይሂድ። ቶሎ የሚደክመው፣ የገረጣ ከሆነ የደም ማነስና የአንጀት ትላትል ይታይለት።

ጨውንም አትናቁ። በደጋችን ለዘመናት የዘነበው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦታል፤ እንቅርት የበዛውም ለዚህ ነው። የአዮዲን እጥረት አንገት ላይ ብቻ አይታይም፣ በተለይ በእርግዝና ወቅት የፅንሱን አእምሮ እድገት ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፣ በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ዋጋው ከባትሪው ያንሳል።

ልጃችሁ መሣሪያውን አስቀድሞ ሞክሮት ከሆነ አትደንግጡ፣ አትምቱትም። መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን እንደተጠቀመ በእርጋታ ጠይቁት። ግንባሩ ላይ ቃጠሎ ካለ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይታይለት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት ወይም የጠባይ ለውጥ ካያችሁ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ያደረገውን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት ጭራችሁም አታሽትቱት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ መኪና ፈልጉ። የሚጥል በሽታ ወይም የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ አገኘን ብላችሁ ክኒናችሁን እንዳታቆሙ፤ ክኒኑ ያልተስማማችሁ ከሆነ የሚቀይርላችሁ የጻፈላችሁ ሐኪም ነው።