«ፉል» የተባለው ምኑ ነው?

«አይዞሽ፣ ፉል ኮቨሬጅ አለኝ» አላት ለሚስቱ በስልክ። ወዳጄ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በረዶ ባደረበት ጠዋት መኪናው ተንሸራትታ የመብራት ምሰሶ ገጭታለች። ኮፈኗ ተጨማዶ ሞተሩ ላይ ተኝቷል፤ እሱን ግን ምንም አልነካውም። በየወሩ ሳያዛንፍ የሚከፍልበት ኢንሹራንስ ስላለው ብዙም አልደነገጠም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰው። አደጋው በደረሰበት ሰዓት የሚሠራበት የኡበር አፕ ተከፍቶ ተሳፋሪ ይጠብቅ ስለነበር ኩባንያው ምንም አይከፍልም ይላል።

ታዲያ «ፉል» የተባለው ምኑ ነው?

ወዳጄም ይህንኑ ነው የጠየቀው። ውሉን የሸጠለት ሰው የእኛው ሰው ነው፤ በአማርኛ አስረድቶ፣ «ሁሉንም ይሸፍንልሃል፣ አታስብ» ብሎ አስፈርሞታል። አሁን ሲጠየቅ መልሱ «ውሉ ላይ ተጽፏል እኮ» የሚል ሆነ። አዎ፣ ተጽፏል። ሰው በክፍያ ለማጓጓዝ የዋለ መኪና በግል ውል አይሸፈንም የሚል አንቀጽ አሜሪካ ውስጥ በግል መኪና ኢንሹራንስ ላይ የተለመደ ነው። ግን ደንበኛው ኑሮውን የሚመራው በኡበር እንደሆነ ሻጩ አያውቅም ነበር? ካወቀስ ያ አንቀጽ የሚተወውን ክፍተት የሚሞላ ተጨማሪ ሽፋን መኖሩን ለምን አልነገረውም? ካላወቀ ደግሞ ስለ ሥራው ሳይጠይቅ «ሁሉንም» የሚለውን ቃል ከየት አመጣው?

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ። «ፉል ኮቨሬጅ» የሚባል ውል የለም። የሻጭና የገዢ አፍ የፈጠረው ስም ነው። ሲፈታ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፤ በሌላው ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚከፍለው ላያቢሊቲ፣ መኪናህ ስትጋጭ የሚከፍለው ኮሊዥን፣ ከግጭት ውጭ ለሚደርስባት የሚከፍለው ኮምፕሬሄንሲቭ። መኪናህ ጋራዥ ስትከርም የምትከራያት መኪና በዚህ ውስጥ አለች? ለብቻዋ ካልገዛሃት የለችም። የሕክምና ወጪህስ? ከኋላ ገጭቶህ ኢንሹራንስ የሌለው ሆኖ የተገኘው ሰውዬስ? እሱም በብዙ ስቴቶች በተናጠል የሚገዛ ነው። እነዚህ ሁሉ ጎድለው «ሙሉ» የሚለው ስም ከየት መጣ?

እኛን ይበልጥ የሚያሳስተን ግን «ኮምፕሬሄንሲቭ» ነው። አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። እዚያ የግድ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ በአዋጅ የተደነገገ። ከዚያ በላይ ከፍሎ ኮምፕሬሄንሲቭ የገባ ሰው የራሱ መኪና ብትጋጭም፣ ብትገለበጥም፣ ብትቃጠልም፣ ብትሰረቅም ይካሳል። ስለዚህ ቃሉ በጆሯችን «አጠቃላይ» ሆኖ ቀርቷል። አሜሪካ ሲደርስ ያው ቃል ግጭትን አይጨምርም። ስርቆት፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ የበረዶ ድንጋይ፣ የወደቀ ዛፍ፣ መንገድ ላይ የገባ አጋዘን፤ እነዚህን ነው የሚይዘው። መኪና በብዛት የሚጎዳው በግጭት ሆኖ ሳለ፣ ግጭትን ወደ ውጭ ትቶ ራሱን «አጠቃላይ» ብሎ የሚጠራ ሽፋን ለአዲስ መጤ ሳይብራራ መሸጡ ምን ይባላል? «ኮምፕሬሄንሲቭ አለኝ» ብሎ ኮሊዥኑን ያስቀነሰ ሰው አውቃለሁ። የወር ክፍያው ሲቀንስለት ደስ ብሎት ነበር።

አፑ ያላቸው ኩባንያዎችስ? እነሱም ኢንሹራንስ አላቸው፣ ግን እንደ ሰዓቱ ይለያያል። አፑ ተከፍቶ ጥሪ እየጠበቅህ ሳለ የሚከፈለው በሌላው ላይ ላደረስከው ጉዳት ነው፤ የራስህ መኪና የለችበትም። የወዳጄም አደጋ የደረሰው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ጥሪ ተቀብለህ ስትነዳ ደግሞ ኡበር ለመኪናህ የሚከፍለው አንተ ራስህ የገዛኸው ኮሊዥን ካለህ ነው፤ ያኔም የመጀመሪያውን 2,500 ዶላር ከኪስህ ታወጣለህ። ይህን ከመፈረሙ በፊት በአማርኛ የሰማ ስንት አሽከርካሪ አለ?

ከዚያ «ቶታል» ይመጣል። «መኪናዬን ቶታል አደረጓት» ማለት አሁን አማርኛ ሆኗል። በሯ ይከፈታል፣ ሬዲዮዋ ይዘፍናል፣ ሞተሯም ሊነሳ ይችላል፤ በሕጉ ግን ሙሉ በሙሉ ወድማለች። የመውደሟ መስመር ራሱ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ኒውዮርክ የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ 75 በመቶ ሲደርስ፣ ቴክሳስ 100 በመቶ ሲደርስ። የሚከፈልህስ? የገዛህበት ዋጋ አይደለም፤ ከመጋጨቷ በፊት ገበያ ላይ ታወጣ የነበረው ነው፣ ከዚያም ላይ ከኪስህ የምትችለው ዲዳክቲብል ይቀነሳል። መኪናዋ 19,000 ዶላር ታወጣለች ተብላ የባንክ ዕዳህ 26,000 ዶላር ቢሆን፣ 7,000 ዶላርና ዲዳክቲብሉን ለሌለች መኪና መክፈልህን ትቀጥላለህ። ጥፋቱ «ቶታል» ከሆነ ካሳው ለምን ቶታል አልሆነም?

ግን «ፉል» በትክክል ፉል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ሌላ ሰው ገጭቶህ የእሱ ኢንሹራንስ ቼክ ሲልክልህ አብሮ የሚመጣ ወረቀት አለ፤ ሙሉና የመጨረሻ ስምምነት ይላል። ስትፈርም የሚታወቀውንም ያልታወቀውንም የካሳ ጥያቄ ሁሉ ትተሃል ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ አንገትህ መዞር ቢያቅተው፣ ኤምአርአይ ተነስተህ ዲስክህ ተንሸራቶ ቢገኝ፣ ፊርማህን ማስነሳት እጅግ ከባድ ነው። «ሁሉ» የተባለው እዚህ አንዲት ፍንጭት የለውም። ሲሰጡን በየአንቀጹ የሚሸራረፈው ቃል፣ ሲወስዱብን እንዴት ድፍን ሆነ? ጥያቄዬ በሙሉ ይህ ነው።

ይህን ስጽፍ በተለይ የማስበው በአማርኛ ኢንሹራንስ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶችን ነው። ሰው ወደ እናንተ የሚመጣው ቋንቋውን ስለምትናገሩለት ነው። በአማርኛ ሙሉ ማለት ጎዶሎ የሌለው ማለት ነው፤ ልጆቻችንን ሙሉ፣ ሙሉነህ፣ ሙሉጌታ ብለን የምንሰይምበት ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ፉል» የሻጭ ቋንቋ መሆኑን አሜሪካዊው ገዢ ከልምድ ሊያውቅ ይችላል። እናንተ «ሙሉ ሽፋን» ብላችሁ ስትተረጉሙት ግን እናቱ ስትናገረው የሰማውን ቃል ነው የሰጣችሁት። ያን ቃል የሚያምነው እናንተን ስለሚያምን እንደሆነ ጠፍቷችሁ ነው? «ይህ ይህን ይይዛል፣ ይህን ግን አይዝም» ለማለት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ደንበኛውን ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንተም አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ውልህን አውጣ። ዲክላሬሽን የሚባለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ የገዛኸው ሁሉ በየመስመሩ ተዘርዝሯል፤ «ፉል» የሚል ቃል አታገኝበትም። ኮሊዥን በሚለው መስመር ላይ ቁጥር አለ? ዲዳክቲብሉ ስንት ነው? የምትነዳው በአፕ ከሆነ እሱን የሚመለከት ተጨማሪ ሽፋን ተጽፏል? ካልተጻፈ ነገ ወደ ሥራ ከመውጣትህ በፊት ደውል።