ጠግቦ እያደረ የማይፋፋ ልጅ

ከግራናም፣ ከመርሳም፣ ከወልድያም እናቶችና አያቶች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ። «ልጁ ገንፎውን ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ ጠግቦም ያድራል። ነገር ግን ከእኩዮቹ አንሶ ቀረ፤ ሕመምም ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል። ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። የሆድ ትል፣ የሚመላለስ ተቅማጥ፣ የተደበቀ ሕመም ሁሉ ልጅን ያቀጭጫሉ። አንዱ ምክንያት ግን ከራሳችን ጓዳ ስለሚገኝ ዛሬ እሱን እናንሳ። ሆድ መሙላትና ሰውነት መገንባት ለየቅል ናቸው። ማንኛውም እህል ሆድን ይሞላል። ጡንቻን፣ ደምን፣ ቆዳንና ፀጉርን የሚሠራው ግን ፕሮቲን ነው፤ የፕሮቲን መሥሪያዎቹ ደግሞ አሚኖ አሲዶች ይባላሉ። «ልጄ ፕሮቲን ይበላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «የትኞቹን አሚኖ አሲዶች ያገኛል?» ማለትም ያስፈልጋል።

አንድ አካል፣ አራት እጅ

ፕሮቲንን እንደ ተሰካ ጨሌ አስቡት። እያንዳንዱ ዶቃ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። የዶቃውን ቅርጽ ለመረዳት ደግሞ አራት እጅ ያለው ሰው በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። አካሉ ካርቦን ነው። በአንዱ እጁ ናይትሮጅን ያለበትን «አሚን» የተባለ ክፍል ይዟል፤ በሁለተኛው አሲድ የሆነውን ክፍል ይዟል፤ ስሙም የመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። በሦስተኛው እጁ ሃይድሮጅን አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንድ ናቸው። የሚለያዩት በአራተኛው እጃቸው በያዙት ነገር ነው፤ ይህም የጎን ሰንሰለት ይባላል።

ሁለት አሚኖ አሲዶች ሲያያዙ የአንዱ አሲድ ክፍል የሌላውን አሚን ክፍል ይጨብጣል፤ ከመካከላቸውም አንድ የውኃ ሞለኪውል ይወጣል። እንዲህ እየተያያዙ ብዙ ሲሆኑ ፕሮቲን ይሆናሉ። ስንበላ ሥራው ይገለበጣል። ጨጓራና አንጀት ውኃውን መልሰው እያስገቡ ጨሌውን ይፈቱታል፤ ዶቃዎቹም ወደ ደም ይገባሉ። ሰውነት በእነዚህ ዶቃዎች የራሱን ጨሌ ይሰካል። እንቁላል በልተን ላባ የማናበቅለው ለዚህ ነው።

ሃያዎቹ እንዴት ይመደባሉ?

ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሰካባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። ኬሚስቶች በጎን ሰንሰለታቸው ይመድቧቸዋል። አንዳንዶቹ ውኃ ይወዳሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ ዘይት ውኃ ይሸሻሉ። አንዳንዶቹ ተጨማሪ አሲድነት አላቸው፤ አንዳንዶቹ በተቃራኒው ቤዝ ናቸው። ድኝ ያለባቸውም አሉ። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው ያ የሚከረፋ ጠረን ሲስቲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ድኝ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ባሕርያቸው በየቀኑ ከዓይናችን ሥር ይታያል። ወተት ሲረጋ የሚሆነውን ተመልከቱ። የወተት ፕሮቲኖች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እየተገፋፉ ተበታትነው ይኖራሉ። ወተቱ ሲኮመጥጥ አሲዱ ያንን ሙል ያጠፋዋል፤ ፕሮቲኖቹም ይያያዙና እርጎ ይሆናል። እንቁላል ሲቀቀል የሚጠጥረውም የተጠቀለለው ሰንሰለት በሙቀት ተፈትቶ እርስ በርሱ ስለሚተበተብ ነው። ዶቃዎቹ ግን አይጠፉም፤ የተቀቀለ እንቁላል ከጥሬው ይልቅ ለሆድ ይስማማል።

ለእኛ ለወላጆች ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላ አመዳደብ ነው። ከ20ዎቹ ውስጥ 11ዱን ሰውነት ራሱ ሊሠራ ይችላል። 9ኙን ግን መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። እነሱም ላይሲን፣ ሜታዮኒን፣ ትሪፕቶፋን፣ ትሪዮኒን፣ ቫሊን፣ ሊውሲን፣ አይሶሊውሲን፣ ፌኒልአላኒንና ሂስቲዲን ናቸው። ስሙን ሁሉ መያዝ አያስፈልግም፤ ላይሲንንና ሜታዮኒንን ብቻ ያዙልኝ።

የማሽላ ጎደሎ

ቀይ ዶቃ የግድ የሚገባበት ጨሌ ልትሰኩ ነው እንበል። ነጩ ዶቃ በስፌት ሙሉ ቢኖርም ቀዩ አሥር ብቻ ከሆነ ከአሥር ጨሌ በላይ አይወጣችሁም። ሰውነትም እንዲሁ ነው። አንዱ አሚኖ አሲድ ሲያንስ የቀሩት ሥራ ይፈታሉ። ሰውነት እንደ ስብ ለክፉ ቀን ስለማያስቀምጣቸውም እንደ ማገዶ ያነዳቸዋል፤ ናይትሮጅኑንም ጉበት ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል።

በቆላማው ሀብሩ ዋናው እህላችን ማሽላ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ተብሎ በአገራችን ስም መጠራቱም ያለ ነገር አይደለም። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ድርቅም ይችላል። ቀይ ዶቃው ላይሲን ግን ያንሰዋል። በ100 ግራም የማሽላ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲን 2 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ ግን 5 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ስንዴና በቆሎም በላይሲን ደካማ ናቸው፤ ጤፍ ቢሻልም ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በማሽላ ገንፎ ብቻ የሚያድግ ልጅ ጠግቦ እያደረ ሰውነቱ ይራባል።

በሽምብራ፣ በምስር፣ በአተርና በባቄላ ውስጥ ደግሞ በ100 ግራም ፕሮቲን ከ6 ግራም በላይ ላይሲን አለ። ጥራጥሬ የሚያንሰው ሜታዮኒን ነው፤ እሱን ደግሞ እህሉ ይሰጣል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጎደሎ ይሞላል ማለት ነው። አያቶቻችን የኬሚስትሪ ትምህርት ሳይማሩ ያቆዩልን ገበታ በኬሚስትሪ ሚዛንም የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ሽሮው ለአዋቂ እየቀረበ ሕፃኑ «ያቃጥለዋል» ተብሎ በባዶ ገንፎ መቅረቱ ነው።

ወተት በጉንጬ

ስለ ማሽላና ላይሲን ሲነሳ የወሎ ስም በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ተጽፏል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ሲመረምሩ በላይሲን ከሁሉ በልጠው ያገኟቸው ሁለቱ ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ፤ ምንጫቸውም ወሎ ነው። በ100 ግራም ፕሮቲን ከ3 ግራም በላይ ላይሲን ነበራቸው። ግኝቱ የታተመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ወሎ በዚያ በማይረሳ ረሃብ ውስጥ ነበረች።

የእኛ ገበሬዎች እነዚህን ማሽላዎች ቀድመው ያውቋቸው ነበር። «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» ብለው ሰይመዋቸዋል። ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው ይዘሩና እሸቱን ጠብሰው ይበሉታል። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርቱም ያንሳል። ገበሬው ግን ለጣዕሙ ሲል ዘሩን አላጠፋውም። የፐርዱ ተመራማሪዎች የወሎውን ጠባይ ምርት ወደሚሰጥ ማሽላ ለማዛወር ቢደክሙም የፍሬው ልምሾነት አብሮ እየመጣ አስቸግሯቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ወተት በጉንጬም ቢሆን ከ5 ግራም አይደርስም፤ ስለዚህ ሽሮን አይተካም። ሁለተኛ፣ አያቶች ሆይ፣ ዘሩ እጃችሁ ላይ ካለ ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸው፤ ስሙንም ንገሯቸው። ዘር የሚጠፋው ከማሳ ብቻ አይደለም፤ ከአፍም ይጠፋል።

ስለ ጓያ ማስጠንቀቂያ

አሚኖ አሲድ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ከ20ዎቹ ውጪ የሆኑ፣ ፕሮቲን የማይሰካባቸው ብዙ አሉ። አንዱ ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለው ነው። ኦዳፕ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት የተባለ አሚኖ አሲድ ስለሚመስል ነርቭን ያታልላል፤ ከልክ በላይም ቀስቅሶ ይጎዳዋል። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፤ ጓያ ግን ይበቅላል። ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግር ይተሳሰራል፤ ጉዳቱም አይመለስም።

በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ደጋ፣ በደላንታ ዳውንት፣ ይህ ሕመም በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የበሉት ይበልጥ ተጎድተው ተገኝተዋል። ከእህል ጋር የቀላቀሉት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የጨመሩበት ደግሞ ጉዳታቸው ቀንሷል። እህሉ የሚረዳው ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች ስለሚያመጣ ነው። «የጓያ እንፋሎት ነው የሚያሽመደምደው» የሚለው አባባል ግን ትክክል አይደለም፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው። ጓያ ከመብላት ሌላ ምርጫ የሌለው ቤተሰብ ከእህል ጋር ይቀላቅለው፤ ቀቅሎም ውኃውን ይድፋው። እያደጉ ላሉ ልጆች ደግሞ ሌላው ጥራጥሬ ይቅደም።

ወደ ጓዳችን እንመለስ

ለሕፃን ገንፎ ሦስት እጅ ማሽላ ወይም ሌላ እህል፣ አንድ እጅ የተከካ ሽምብራ፣ አተር ወይም ምስር አስፈጩ። በሂሳብ ብናሰላው የፕሮቲኑ ላይሲን ወደ እጥፍ ይጠጋል። የቀረውን እንቁላል ወይም ወተት ይሞላዋል። በየቀኑ እንቁላል ማግኘት የማይችል ቤት በሳምንት የሚያገኛትን ጥቂቷን ለትንሹ ልጅ ያድርግ። ሰሊጥ በሜታዮኒን የበለጸገ ስለሆነ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ሰሊጥ ጣል ማድረግ መልካም ነው። ቅቤ ወይም ዘይትም ጨምሩ። ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑን ያነዳዋል።

ስትቆሉ አታሳርሩ። የላይሲን የጎን ሰንሰለት በብርቱ ሙቀት ከስኳር ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት አይጠቀምበትም። መልካሙ ሽታና ቡናማው መልክ የሚመጣው ከዚሁ ስለሆነ መልኩ ለወጥ ሲል ማውጣት ይበቃል። ማሽላን በእርሾ ማቡካት ደግሞ ይጠቅማል፤ በውኃ ብቻ የተቀቀለ የማሽላ ፕሮቲን ለመፈጨት ያስቸግራል፤ ማቡካት ያሻሽለዋል።

ዕድሜያችሁ የገፋ ፋፋ የሚባለውን የሕፃናት ዱቄት ታስታውሳላችሁ። በስዊድን ድጋፍ ተጀምሮ በኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ተቋም የተሠራው ያ ዱቄት የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ እህል፣ ጥራጥሬና ጥቂት የወተት ዱቄት። ያንን ሐሳብ በወፍጮ ቤታችን ልናደርገው እንችላለን።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ 9ኙም አሚኖ አሲዶች ተመጣጥነው አሉበት። ከዚያ በኋላም እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥል። አደጋው የሚብሰው እናት ስታረግዝ ድንገት ጡት በሚጥለው ልጅ ላይ ነው። ክዋሽዮርኮር የሚለው የበሽታ ስም ከጋና ምድር የተወሰደ ነው፤ ታናሽ ሲመጣበት ከጡት የተነሳ ልጅ የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባሉ ሐኪም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሙን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። መንስኤው የፕሮቲን ማነስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ተላላፊ ሕመምና ሌላም ንጥረ ነገር እንደሚገባበት ዛሬ ይታወቃል።

ስለዚህ ይህን ልብ በሉ። የልጁን እግር በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ጎድጉዶ ከቀረ፣ ፀጉሩ ከሳሳና ከቀላ፣ ቆዳው ከተላጠ ወይም መብላት ከጠላ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንቁላልና ሥጋ አስገድዳችሁ አትመግቡት። እንዲህ የተጎዳ ልጅ ጉበቱ ብዙ ፕሮቲን በአንዴ አይችልም፤ ሕክምናው በትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያድግ ነው።

ለዚህ ሳምንት ጥያቄው ይኸውላችሁ፤ ዛሬ ማታ ከትንሹ ልጅ ሳህን ላይ ከእህሉ ሌላ ምን አለ? ከአዋቂው ወጥ በርበሬ ሳይገባበት አንድ ጭልፋ ክክ ቀንሱለት። ቀዩ ዶቃ ያለው እዚያ ነው።