መመለሻ የሌለው ምርጫ ምርጫ አይደለም

በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 የኮሎምበስ አረጋውያን በመንግሥት ከሚተዳደረው መደበኛ ሜዲኬርና የግል ኩባንያዎች ከሚያቀርቡት ሜዲኬር አድቫንቴጅ አንዱን «በነጻነት ይመርጣሉ» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው።

የአድቫንቴጅ ማስታወቂያ ሳሩን አሳይቶ ገደሉን ይሸፍናል፤ የጥርስና የመነጽር ጥቅምን ያጎላል፤ የሐኪሞች ምርጫ መጥበቡንና የቅድመ ፈቃድ ግዴታን ግን ያለዝባል። የፌዴራሉ የጤና ጥበቃ ዋና ኢንስፔክተር በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከተመረመሩት የቅድመ ፈቃድ ክልከላዎች 13 በመቶው የሜዲኬርን መስፈርት ያሟሉ ነበሩ።

መደበኛው ሜዲኬርም ጉድለት አለበት፤ ታካሚው ከሐኪም ወጪ 20 በመቶውን ያለ ጣሪያ ይከፍላል። ክፍተቱን የሚደፍነው ሜዲጋፕ የተባለው ማሟያ መድን ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ካለፉ፣ ከውስን ሁኔታዎች በቀር፣ በኦሃዮ ኩባንያዎች አመልካቹን በሕመሙ ምክንያት መከልከል ይችላሉ። በ65 ዓመቱ ጤነኛ ሳለ አድቫንቴጅ የመረጠ ሰው በ72 ዓመቱ ሲታመም መመለሻው ይዘጋበታል።

ኒውዮርክና ኮኔቲከት ይህን ክልከላ በሕግ አስቀርተዋል። የኦሃዮ ሕግ አውጪዎችም ያስቀሩት፤ የግዛቱ የመድን መምሪያ የሚሰጠው ነጻ የምክር አገልግሎትም ለአማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን በቋንቋቸው እንዲደርስ በጀት ይመድቡለት።