መካኒኩን አታጣድፉት

ዛሬ ስለ ፍሪሲዮን ነው የምጽፈው። "ቲቸር ደግሞ መቼ መካኒክ ሆነ?" እንዳትሉኝ፤ አልሆንኩም። ግን ባለፈው ክረምት እኛ ቤት የደረሰ ነገር አለ። የጥፋቱ ግማሽ የኔ ስለሆነ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ታላቅ ወንድሜ ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን የምትመላለስ አሮጌ ሚኒባስ አለችው። ፍሪሲዮኗ አልቆ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ አትሄድም። አቀበት ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ካምቢዮ ወርዶ ፍሪሲዮን ይቀየር ተባለ። አዲሱን ዕቃ ገዝተን አንድ ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩ "ነገ ማታ ውሰዷት" አለን። ነገ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ወንድሜ "የገበያ ቀን ካልሠራሁ ዕቁቤን በምን እጥላለሁ?" ብሎ ተጨነቀ። ሁለት ጊዜ የደወልኩት እኔ ነኝ። "ወንድሜ፣ ፈቶ መግጠም ነው እኮ! በቃ መብራት አብርታችሁ ዛሬውኑ ጨርሱልን" ያልኩት እኔ ነኝ። የእጁን ዋጋ ተከራክሬ ያስቀነስኩትም እኔው። ያን ማታ ቤት ውስጥ እንደ ጀግና ነበር የታየሁት።

ማታውኑ ጨረሱ።

ሦስት ሳምንት ሠራች። ማርሽ ሲገባ ትጮሃለች፣ ከቆመችበት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች። "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል" ብለን አለፍነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰው ሞልታ ወደ ጣርማ በር ስትወጣ ከታች "ቋ!" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናዋ ግን ወደፊት አልሄድ አለች። እንዲያውም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ወንድሜ ፍሬኑን ረግጦ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ከኋላ የጫነ ከባድ መኪና እየመጣ ነበር። ሹፌሩ በዚያ ጉም ውስጥ መብራታችንን አይቶ ቆመ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ተሳፋሪዎቹ ግን፣ ሕፃን ያዘለች እናት ጭምር፣ ብርድ ላይ ቆመው ሌላ መኪና ጠበቁ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ስለ ስልክ ጥሪዬ አንዲት ቃል አልተናገረም። እሱ ነው የከበደኝ።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከከተማችን ተነስቶ እስከ ዋሻው ድረስ አቀበትና ጥምዝምዝ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ጉም ሲወርድ አሥር ሜትር አይታይም። ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈህ ትቆማለህ፣ ትነሳለህ፣ ትቆማለህ፣ ትነሳለህ። ፍሪሲዮን የሚፈተንበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው።

ሚኒባሷ ተጎትታ ደብረ ሲና ገባች። የፈታት የድሮ ተማሪዬ ነው። ካምቢዮውን አውርዶ ዲስኩን በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሸራው ገና አዲስ ነው፣ መሃሉ ግን ተገንጥሎ ወጥቷል። "ቲቸር፣ ይሄ አልቆ አይደለም፤ ሲገጠም ነው የተጎዳው" አለኝ።

እስኪ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ፍሪሲዮን የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ መፋተግ ማለት ነው። ካምቢዮም ኩሽኔታም ከዚያው ሰፈር የመጡ ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻ የበሱትም ጣሊያኖች ናቸው፣ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ። ክፍል ውስጥ ሰበቃን ኃይል እንደሚበላ ጠላት አድርገን ነው የምናስተምረው። ሚኒባስን ጣርማ በር የሚያወጣት ግን እሱው ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ ክብ ብረት አለ፣ ቮላኖ ይሉታል። ዲስኩ እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ከላዩ ደግሞ ባለ ስፕሪንግ ሳህን ይጫነዋል። ፔዳሉን ስንረግጥ ሳህኑ ዲስኩን ይለቀዋል፣ እግራችንን ስናነሳ መልሶ ይጨብጠዋል። የዲስኩ መሃል ጥርስ ያለው ቀዳዳ ነው። የካምቢዮው ዘንግ በዚህ ቀዳዳ አልፎ ጫፉን ቮላኖው መሃል ያለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ማሳረፍ አለበት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሳህኑ እስኪታሰር ድረስ ዲስኩን መሃል ላይ የሚይዘው ነገር የለም። በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከታሰረ ቀዳዳው ከኩሽኔታዋ ጋር አይገጥምም፣ ዘንጉም አይገባም። ያኔ መካኒኩ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ሳህኑን መልሶ ፈትቶ እንደገና ማማከል ነው። ሌላው ካምቢዮውን በቡሎን እየጎተቱ በግድ ማስገባት ነው። በግድ ሲጎተት ያ ሁሉ የካምቢዮ ክብደት ዲስኩ መሃል ላይ ይንጠለጠላል፣ ዲስኩም ይጣመማል። ከውጭ ምንም አይታይም። ማታ 3 ሰዓት ከሆነ፣ ባለቤቱ ደግሞ በስልክ "ምነው አልጨረሳችሁም?" እያለ ከሆነ የትኛው ይመረጣል? እናንተው ፍረዱ።

ተማሪዬ ግን አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። አጠገቡ ሆኜ አየሁት። ቮላኖውን ጠርጎ ተሰንጥቆ ወይም ተቃጥሎ እንደሆነ በእጁ ዳሰሰ። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት እንዳያንጠባጥብ አየ፤ ዲስክ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ አብሮ ቀየረ፣ ምክንያቱም ለሱ ብቻ ሲባል ካምቢዮ ሁለተኛ አይወርድም። ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ብረት አወጣ። ከሞተ ካምቢዮ የወጣ አሮጌ ዘንግ ነው። በዲስኩ ቀዳዳ አሳልፎ ጫፉን ኩሽኔታዋ ውስጥ ከተተ፣ ቡሎኖቹንም እንደ ጎማ ዳዶ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየሄደ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቀ። ሲጨርስ ዘንጉን ስቦ አወጣ፣ መልሶ አስገባ፣ እንደገና አወጣ። "በሁለት ጣት ገብቶ ካልወጣ አልተስተካከለም ማለት ነው" አለኝ።

ከዚያ እየሳቀ ጨመረ፦ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ 'አምስት ደቂቃ ቀራችሁ' ሲሉን ትዝ ይልዎታል? ሳንሠራ ዝም ብለን አንዱን አክብበን ነበር የምንወጣው። መካኒክም ሲጣደፍ እንደዚያው ነው የሚያደርገው።"

እኔ ሳቄ አልመጣም።

መካኒክ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ያ የመጀመሪያው መካኒክ "አይሆንም" ማለት ነበረበት። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ "አይሆንም፣ ነገ ነው" የሚለውን መካኒክ ትተን "አሁኑኑ" የሚለው ጋ የምንሄደው እኛ አይደለንም እንዴ? ለዕቃ ሺዎችን ሳናቅማማ እንከፍላለን፣ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ስለሚታይ። የእጅ ሲባል ግን በመቶ ብር እንጨቃጨቃለን። ዲስክ የማማከል ሥራ ካምቢዮው ሲዘጋ አብሮ ይሸፈናል፣ ማንም አያየውም። የምንከራከረው የማናየው ላይ ነው፣ ሕይወታችን የተንጠለጠለውም እሱው ላይ ነው።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ፍሪሲዮን ስታስቀይሩ ለመካኒኩ ሙሉ ቀን ስጡት። ዲስኩን በምን እንደሚያማክል ጠይቁት፣ ዘንግ ወይም ለሥራው የተሠራ ዕቃ ያሳያችሁ። የእጁን ዋጋ መጀመሪያ ተስማሙና ከዚያ በኋላ አትነዝንዙት። ተገጥሞ ከወጣ በኋላ ማርሽ ከጮኸ ወይም ስትነሳ ከተንቀጠቀጠች "ይላመዳል" አትበሉ፣ ጣርማ በር ሳትወጡ መልሷት። ሹፌሮችም እባካችሁ፣ አቀበት ላይ ስትቆሙ መኪናውን በፍሬን ያዙት። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጣችሁ የምታቆሙት ሸራውን እዚያው እያቃጠላችሁ ነው።

በየጋራዡ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ እንደኔ ያለ ሰው ደውሎ ቢጨቀጭቃችሁ "አይሆንም፣ ነገ ነው" በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ። ስልኩንም ዝጉበት፣ እኔ ፈቅጃለሁ።

ወንድሜን ግን ያን ማታ ስለደወልኩት ስልክ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሳብኝም። ይኸው እዚህ ላይ ጠይቄዋለሁ፣ ማታ መኪናዋን አቁሞ ሲገባ ያነበዋል።