አረጋውያንን ከመውደቅ የሚታደጋቸው እንክብል ነው ወይስ እንቅስቃሴ?

በውጭ የሚኖሩ ልጆች ለአረጋውያን ወላጆቻቸው ከሚልኳቸው ስጦታዎች አንዱ የቫይታሚን ዲ እንክብል ነው። አጥንትን ያጠነክራል፣ እርምጃንም ያጸናል ተብሎ ይታመናል። የጥናት ውጤቶች ግን ይህን እምነት አይደግፉም።

በአውሮፓውያኑ 2010 ይፋ በሆነ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በዓመት አንድ ጊዜ 500 ሺህ ዩኒት ቫይታሚን ዲ የወሰዱ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች፣ ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ወድቀዋል፤ የአጥንት ስብራትም በዝቶባቸዋል። በአሜሪካ በሽታን ስለ መከላከል ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድንም በ2018፣ በቤታቸው የሚኖሩ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች መውደቅን ለመከላከል ሲሉ ቫይታሚን ዲ እንዳይወስዱ መክሯል። ለመውደቅ ይበልጥ ለተጋለጡት የመከረው የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ነው።

ይህ ሲባል በምርመራ የተረጋገጠ እጥረት አይታከም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነርቭን ስለሚጎዳ ሚዛንን ያዛባል፤ ሕክምናም ያሻዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ ሳቢያ በየዓመቱ 684 ሺህ ሰዎች ይሞታሉ፤ ከ80 በመቶ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው። የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና በትልልቅ ከተሞች በተወሰነበት የምሥራቅ አፍሪካ ገጠር፣ አንድ ውድቀት አረጋዊውን ለዘለቄታው አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል። ስለዚህ ለእንክብል የሚወጣው ገንዘብ ለዓይን ምርመራ፣ ለማያንሸራትት ጫማና ለደጃፍ መብራት ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል።